የልጃችሁን ውሎና አዳር ጻፉት (የአካል ጉዳት ላለበት ልጅ የመንግስት ድጋፍ ለምትፈልጉ ወላጆች)

ዶክተሩ የልጃችሁን ነገር በነገራችሁ ሰሞን ስለ መንግስት ድጋፍ ቁጭ አድርጎ ሚያስረዳችሁ ሰው አታገኙም፣ እውነቱ ይሄ ነው። ሀኪሙ ስለ ህመሙ ይነግራችኋል፣ ዘመድ ያጽናናችኋል ወይ አብሯችሁ ያለቅሳል፣ እናንተ ደሞ ሌሊቱን ስልክ ላይ አፍጥጣችሁ ስለ ህመሙ ስታነቡ ታድራላችሁ። ድጋፍ ሚባለው ነገር ትዝ ሚላችሁ ገንዘቡ ሲያልቅ ነው፣ ወገባችሁ እምቢ ሲል፣ ከሁለት አንዳችሁ ስራ ስታቆሙ። እኔ ሴት ልጄ ሴሬብራል ፓልሲ (አእምሮ ላይ በደረሰ ጉዳት ምክንያት እንቅስቃሴን ሚያስቸግር) አለባት፣ አሁን ትምህርት ቤት ገብታለች፣ እና እኔ የደከምኩበትን ያህል ሌላ እናትና አባት እንዳይደክም ብዬ ነው ምጽፈው። ህጉ ከሀገር ሀገር ይለያያል፣ የቢሮው ስምም ይለያያል፣ አካሄዱ ግን ከየትም ሀገር ወላጅ ጋር ሳወራ ተመሳሳይ ነው።

መጀመሪያ ድጋፉ አንድ ቦታ ተጠቅልሎ አይቀመጥም። ሰው ፍለጋውን ሚጀምረው "የአካል ጉዳተኞች ቢሮ የት ነው" ብሎ ነው፣ እሱም አለ፣ ግን ከሱ ውጪ ያለው ይበልጣል። ህክምናውና ቴራፒው ጤና ጋር ነው፣ የትምህርት እቅዱና ረዳት መምህሩ ትምህርት ጋር፣ ወርሃዊ ክፍያ ካለ ማህበራዊ ዋስትና ጋር፣ የግብር ቅናሹ ግብር ሰብሳቢው ጋር፣ የመኪና ማቆሚያ ፈቃዱ ትራንስፖርት ጋር፣ የቤታችሁን በርና ሻወር ለዊልቸር ማስተካከያ ሚሰጠው ደሞ ጭራሽ የቤቶች ጉዳይ ሚያየው ክፍል ጋር ሊሆን ይችላል። እና አንዱ ስለሌላው አያውቅም፣ ቢያውቅም አይነግራችሁም። ስለዚ አንድ መስኮት ላይ "የለም" ስትባሉ "እኛ ጋር የለም" ማለታቸው ነው፣ ቤታችሁ ሄዳችሁ እንዳትተኙ። "እሺ፣ እናንተ ጋር ካልሆነ ማን ጋር ነው?" ብላችሁ ጠይቁ፣ የሰውየውን ስም ወይም የክፍሉን ስም ይዛችሁ ውጡ።

ከሁሉም ይበልጥ መንገዱን ሚያውቁት ሁለት አይነት ሰዎች ናቸው። አንደኛው የሆስፒታል ሶሻል ወርከር (የማህበራዊ ጉዳይ ሰራተኛ) ነው፣ ትልልቅ ሆስፒታሎች ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ አለ፣ ማንም ግን ሂዱ አይላችሁም፣ እራሳችሁ ናችሁ ቀጠሮ ምትጠይቁት። ሁለተኛው ከናንተ ልጅ በእድሜ ከፍ ያለ ተመሳሳይ ጉዳት ያለበት ልጅ ያላቸው ወላጆች ናቸው፣ ማህበር ካላቸው ማህበራቸው፣ ከሌላቸው የፊዚዮቴራፒ ተራ መጠበቂያ ወንበር ላይ ታገኟቸዋላችሁ። የትኛው ፎርም ምን እንደሚፈልግ፣ የትኛው ክፍል ስልክ እንደሚያነሳ፣ የትኛው ወረቀት ማህተም ካጣ እንደሚመለስ፣ ይሄን ሁሉ ሚነግራችሁ ዌብሳይት የለም፣ እነሱ ግን በቃላቸው ያውቁታል።

ደሞ አንድ ነገር በደንብ ይያዝልኝ፣ ይሄ ልመና አይደለም። የምሬን ነው፣ ብዙዎቻችን መስኮቱ ጋር ስንደርስ ድምጻችን ይቀንሳል፣ "ካላስቸገርኳችሁ" እያልን ነው ምናወራው። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው የህጻናት መብቶች ስምምነት 23ኛ አንቀጹ በሙሉ ስለ አካል ጉዳተኛ ልጆች ነው፣ ለልጁም ለሚያሳድገው ሰውም እርዳታ እንዲሰጥ፣ የወላጅ አቅም እየታየ በተቻለ መጠን በነጻ እንዲሆን ይላል። እ.ኤ.አ. ታህሳስ 2006 የተባበሩት መንግስታት ያጸደቀው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ደሞ፣ እሱም በአጋጣሚ 23ኛው አንቀጽ ላይ፣ መንግስታት ለልጆቹና ለቤተሰባቸው መረጃ፣ አገልግሎትና ድጋፍ በጊዜ መስጠት አለባቸው ይላል፣ ምክንያቱንም ያስቀምጣል፣ ልጆቹ እንዳይደበቁ፣ እንዳይጣሉ፣ ችላ እንዳይባሉና እንዳይገለሉ። ይሄን ሳነብ በጣም ነው የነካኝ፣ ምክንያቱም የተደበቁ ልጆች ሁላችንም እናውቃለን፣ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ ሚገቡ ልጆች። እዛው አንቀጽ ላይ በልጁ ወይም በወላጁ የአካል ጉዳት ምክንያት ልጅ ከወላጁ እንዳይነጠልም ይከለክላል። አብዛኛው የአለም ሀገር እነዚህን ስምምነቶች ተቀብሎ አጽድቋል። መስኮት ላይ ቆማችሁ አንቀጽ ጥቀሱ እያልኩ አይደለም፣ ጸሀፊዋ ምን ታድርግላችሁ፣ ግን ስትገቡ ቀና ብላችሁ ግቡ። ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ሪፖርት በአለም ላይ ወደ 240 ሚሊዮን ሚጠጉ የአካል ጉዳት ያለባቸው ልጆች አሉ፣ ከ10 ልጅ አንዱ ማለት ነው። ብቻችሁን አይደላችሁም፣ ለቢሮውም የመጀመሪያ ሰው አይደላችሁም።

ድጋፍ ለመጠየቅ ዲያግኖሲስ፣ ማለትም የህመሙ ስም፣ እስኪመጣ አትጠብቁ። ለምን መሰላችሁ፣ የአንዳንድ ልጅ ችግር ስም እስኪወጣለት አመታት ሊወስድ ይችላል፣ የአንዳንዱ ጭራሽ ስም ላይወጣለት ይችላል፣ የመጀመሪያዎቹ አመታት ደሞ አእምሮ በደንብ ሚማርበት ጊዜ ስለሆነ ተመልሶ አይመጣም። ብዙ ሀገር ላይ የቅድመ እድገት ድጋፍ ለማግኘት ልጁ ከእኩዮቹ ወደ ኋላ መቅረቱ ብቻ በቂ ነው። ለምሳሌ አሜሪካ ከልደት እስከ 3 አመት ላሉ ልጆች ያለው ፕሮግራም ላይ ወላጅ ያለ ሀኪም ሪፈር ራሱ ደውሎ ልጁ እንዲታይለት መጠየቅ ይችላል፣ እንግሊዝ ሀገር ያለው የልጆች የአካል ጉዳት ክፍያም ሚያየው የህመሙን ስም ሳይሆን ልጁ ሚፈልገውን እንክብካቤ ነው። እና "ውጤቱ ይምጣና እንሄዳለን" ምትሉ ካላችሁ ነገ ሂዱ። ውጤቱ ሲመጣ ፋይሉ ላይ ይጨመራል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፣ ይሄን ጽሁፍ ያስጀመረኝም እሱ ነው። ወረቀቱ።

ሀኪም ሚሰጣችሁ ሪፖርት አብዛኛውን ጊዜ የህመሙን ስም ነው ሚናገረው። ሁለት መስመር፣ ማህተም፣ ፊርማ። ቢሮው ግን ማወቅ ሚፈልገው ሌላ ነው፣ ልጁ ምን መስራት ይችላል፣ ምን አይችልም፣ ስንት ሰው፣ ለስንት ሰአት ይፈልጋል። ይሄ የነሱ ክፋት አይደለም፣ የአለም ጤና ድርጅት ራሱ እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጣው አመዳደብ የአካል ጉዳት ሚለካው በህመሙ ብቻ ሳይሆን ሰውየው በእለት ኑሮው ምን እንደሚሰራና አካባቢው ምን እንደሚከለክለው ታይቶ ነው። ሴሬብራል ፓልሲ ያለበት አንዱ ልጅ ትንሽ እያነከሰ ኳስ ይጫወታል፣ ሌላው አንገቱን አይችልም፣ ስማቸው ግን አንድ ነው። ስለዚ ሪፖርቱ ላይ ስሙ ብቻ ካለ ገምጋሚው ኳስ ሚጫወተውን ነው በአእምሮው ሚስለው። ሀኪሙን ወይም ቴራፒስቱን "እባክዎ ምን እንደምትችልና እንደማትችል ይጻፉልኝ" በሏቸው። ለሴሬብራል ፓልሲ ጂኤምኤፍሲኤስ ሚባል የእንቅስቃሴ መለኪያ አለ፣ ከ1 እስከ 5 ደረጃ፣ 1 ያለ ድጋፍ ሚራመድ ነው 5 ደሞ በሰው እየተገፋ ሚንቀሳቀስ፣ ያንን ደረጃ ሪፖርቱ ላይ ማስጻፍ ብዙ ክርክር ያስቀራል። ለሌላውም ጉዳት የየራሱ መለኪያ አለው፣ ቴራፒስቱን ጠይቁት።

ከዛ የናንተ ክፍል ይመጣል። ፎርሙ ላይ "ልጁ ራሱ ይመገባል?" ይላል፣ አዎ ወይም አይ፣ ከታች ትንሽ መስመር። የኔ ልጅ ማንኪያ ትይዛለች። እጇ ላይ ወፍራም እጀታ ያለው ማንኪያ አስይዣት፣ ክርኗን ከስር ደግፌ፣ አንገቷ እንዳይወድቅ በሌላው እጄ ይዤ፣ አገጯን እየጠረግኩ፣ እንዳያንቃት እያየሁ፣ እያንዳንዱን ጉርሻ እስክትውጥ እየጠበቅኩ ትበላለች፣ አንድ ምግብ አንድ ሰአት አካባቢ ይፈጃል፣ ከዛ ልብሷ ይቀየራል። ይሄ "አዎ ራሷ ትበላለች" ነው? እናት ስትጠየቅ እኮ አዎ ነው ምትለው፣ ማንኪያዋን መያዝ ለመማር የፈጀችውን ጊዜ ስለምታውቅ ኮርታ ነው ምትለው። ፎርሙ ግን ኩራት አይገባውም፣ "አዎ" ሚለውን አይቶ ወደ ሚቀጥለው ጥያቄ ያልፋል።

ይሄን ያስተማረችኝ ተራ መጠበቂያው ላይ የተዋወቅኳት፣ ልጇን ለአካለ መጠን ልታደርስ የቀረበች እናት ናት። ፎርሙን እጄ ላይ አይታ "እህቴ፣ እዚህ ወረቀት ላይ ልጅሽን አታሞግሻት፣ ቤት ስትገቢ አሞግሻት" አለችኝ። ከዛ አጠገቤ ቁጭ ብላ ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ እንደገና አነበበችልኝ። እያንዳንዱ ጥያቄ ላይ ጨምሪበት ያለችኝ ሀሳብ፣ "ከእድሜ እኩያዋ ጋር ሲነጻጸር" ሚለው ነው። ሁለት አመት ልጅ ዳይፐር ያደርጋል፣ ይሄ ለማንም አዲስ አይደለም፣ ሰባት አመት ሲሆን ግን ልዩነቱ ይታያል። ገምጋሚው ሚፈልገው ያንን ልዩነት ነው፣ ማንኛውም ልጅ ከሚፈልገው በላይ የናንተ ልጅ ምን ያህል እንደሚፈልግ። "እርዳታ ትፈልጋለች" ብላችሁ ብትጽፉ ሁሉም ልጅ እርዳታ ይፈልጋል። "እኩዮቿ ብቻቸውን ሚለብሱትን ልብስ እኔ አስተኝቼ አለብሳታለሁ፣ እግሯ ስለሚደርቅ ሱሪ ማልበስ ብቻ ይሄን ያህል ደቂቃ ይወስዳል" ሲባል ግን ሰውየው ይገባዋል።

ሌሊቱንም ጻፉ! ብዙ ሰው ሌሊቱን ይረሳዋል ምክንያቱም ለምዶታል። ልጄ ራሷን መገልበጥ ስለማትችል ሌሊት ተነስተን እናገላብጣታለን፣ ቆዳዋ እንዳይቆስል፣ ዳሌዋ እንዳይታመም። ለኛ ይሄ ሽንት ቤት እንደመነሳት የተለመደ ሆኗል፣ ወረቀት ላይ ሲሰፍር ግን ሌሊቱን ነቅቶ ሚያድር ሰው እንደሚያስፈልጋት ያሳያል፣ አንዳንድ ሀገር ላይ የክፍያው መጠን ራሱ የሌሊት እንክብካቤ አለ ወይስ የለም በሚለው ይለያያል። ሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ ካላችሁ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚጥለው፣ ከጣለው በኋላ ለስንት ሰአት እንደሚደክም፣ ኦቲዝም ካለበት ከቤት ወጥቶ እንዳይጠፋ በሩን እንዴት እንደምትቆልፉ፣ ማን አይኑን እንደማይነቅልበት። ትንሽ ደብተር ያዙና አንድ ሳምንት ሙሉ ከጠዋት እስከ ጠዋት ያደረጋችሁትን በሰአቱ ጻፉት፣ ጥሩውንም መጥፎውንም ቀን፣ ከፎርሙ ጋር አያይዙት። ማጋነን አያስፈልግም፣ በጭራሽ አታጋንኑ፣ እውነቱ ራሱ ከበቂ በላይ ነው።

ይሄን መጻፍ ያማል፣ አልዋሻችሁም። ልጅሽ ማትችለውን ሁሉ በተከታታይ መጻፍ ልብ ይሰብራል፣ እሷ እዛው አጠገብሽ ሆና እየሳቀች። ከባለቤቴ ጋር ተከፋፍለን ነው የጻፍነው፣ እሱ የሌሊቱን እኔ የቀኑን፣ ደግሞም ጥሩ ሆነ ምክንያቱም እሱ ሚያየው እኔ ማላየው ነገር ነበረ። ብቻችሁን አትጻፉት ካላችሁ ሰው።

ከገንዘቡ ሌላ ሰው ማይጠይቀው ድጋፍ አለ፣ የእረፍት እንክብካቤ። የሰለጠነ ሰው ለተወሰነ ሰአት ወይም ቀን ልጁን ይዞላችሁ እናንተ ምታርፉበት ማለት ነው። ያ የ2006ቱ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት 28ኛ አንቀጹ ላይ በድህነት ለሚኖሩ ቤተሰቦች መንግስት ሊያግዝባቸው ከሚገቡት ወጪዎች ውስጥ ስልጠናን፣ የምክር አገልግሎትንና ይሄን እረፍት በግልጽ ያስቀምጠዋል። እናቶች ይሄን መጠየቅ እናፍራለን፣ ልጄን ለሰው ሰጥቼ እንዴት እተኛለሁ እንላለን፣ ግን ልጅ ምታነሳው እናት ወገቧ ከተበላሸ ልጁንም ማን ያነሳዋል? እህትና ወንድም ካሉም ያችን ሰአት እነሱም ይፈልጓታል፣ እናታቸው ለነሱ ብቻ ምትሆንበትን። ባለበት ቦታ ወረፋው ረጅም ስለሆነ ባትደክሙም አሁኑኑ ስማችሁን አስመዝግቡ። ዊልቸርና ሌላ መሳሪያም ላይ እንደዚሁ፣ ሲሰጧችሁ "ስታድግ መቼ ይቀየራል፣ ሲበላሽስ ማን ይጠግነዋል" ብላችሁ ያኔውኑ ጠይቁ፣ ልጅ ያድጋል ወንበሩ ግን አያድግም፣ ጠቦ ሚያጣምም ወንበር ላይ የተቀመጠ ልጅ አከርካሪው ሊጎዳ ይችላል።

ቀኑ ላይ ደሞ ጠንቀቅ በሉ። ብዙ ቦታ ክፍያ ሚታሰበው ካመለከታችሁበት ቀን ጀምሮ ነው እንጂ ልጁ ከታመመበት ቀን አይደለም። ስለዚ ሁሉም ወረቀት እስኪሟላ ብሎ ወራት መጠበቅ ኪሳራ ነው፣ ማመልከቻውን አስገቡ፣ ቀን ያለበት ደረሰኝ ተቀበሉ፣ የጎደለውን በኋላ አምጡ ይሏችኋል። ደግሞ ገቢያችሁን ሚያዩና ማያዩ ድጋፎች አሉ። ደሞዝ አለን ብላችሁ ሁሉንም አትተዉ፣ አንዱ ላይ ገቢ ሚከለክላችሁ ከሆነ ሌላው ላይ ገቢ ጭራሽ ላይጠየቅ ይችላል።

እምቢ ከተባላችሁስ? ብዙ ሰው መጀመሪያ ላይ እምቢ ይባላል፣ እና ብዙ ሰው እዛው ያቆማል። እኔ አንድ ቢሮ በር ላይ ገና ፎርም ሳልቀበል "እናት፣ ይሄ ለናንተ አይሆንም" ተብዬ ልመለስ ነበር። በቃል የተባለ እምቢታ ላይ ይግባኝ ማለት አይቻልም፣ ምክንያቱም የትም አልተጻፈም፣ እንዳልመጣችሁ ነው ሚቆጠረው። "እሺ፣ ማመልከቻዬን ተቀበሉኝና ምክንያቱን በጽሁፍ ስጡኝ" በሉ፣ በትህትና ግን ሳትነቃነቁ። ደብዳቤው ሲመጣ መጀመሪያ ምታዩት የይግባኝ ቀኑን ነው፣ አጭር ነው፣ እንግሊዝ ለዛ ለልጆች ክፍያ አንድ ወር፣ አሜሪካ ኤስኤስአይ ለሚባለው (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ የአካል ጉዳተኞች ሚሰጥ ወርሃዊ ክፍያ) 60 ቀን። ቀጥሎ ምክንያቱን አንብቡና መልሱ ለዛች ምክንያት ብቻ ይሁን። "ማታ እንክብካቤ እንደሚያስፈልግ አልተረጋገጠም" ካለ የማታውን ደብተርና የሀኪም ደብዳቤ ነው ምታመጡት፣ ታሪካችሁን ከሀ ጀምራችሁ እንደገና አትተርኩ።

ይግባኝ ዋጋ የለውም ለምትሉ የብራያን ዜብሊን ጉዳይ ልንገራችሁ። ሲወለድ ጀምሮ የአእምሮ ጉዳት ያለበት አሜሪካዊ ልጅ ነው፣ ኤስኤስአይ ሚባለው ክፍያ ተቋረጠበት። ያኔ በነበረው ደንብ አዋቂ ሰው ህመሙ ዝርዝሩ ላይ ባይኖር እንኳን መስራት ይችላል አይችልም ተብሎ በግሉ ይታይ ነበር፣ ልጅ ግን ዝርዝሩ ላይ ካለው ጋር ካልገጠመ በቃ፣ ቀኑን እንዴት እንደሚውል ሚጠይቅ አልነበረም። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፣ እ.ኤ.አ. የካቲት 1990 ፍርድ ቤቱ ልጆችን እንደዛ መገምገም ህጉን ይጥሳል ብሎ ወሰነ፣ ከዛ በፊት የተከለከሉ በመቶ ሺዎች ሚቆጠሩ ልጆች ፋይላቸው እንደገና ታየ። እ.ኤ.አ. በ1996 ህጉ መልሶ ጠበቅ ተደርጓል እሱም አለ፣ ግን ልጁ በእለት ኑሮው ምን ያደርጋል ሚለው ጥያቄ እስካሁን የግምገማው አካል ነው። አንድ ቤተሰብ እምቢ ስላለ ነው።

እድሜም ተከታተሉ። አብዛኛው የልጅ ድጋፍ የሆነ ልደት ላይ ይቆማል ወይም በአዋቂ ደንብ እንደገና ይገመገማል፣ እንግሊዝ 16 ላይ፣ አሜሪካ ኤስኤስአይ 18 ላይ፣ እናንተ ጋር ስንት እንደሆነ ከአሁኑ ጠይቁና ቢያንስ አንድ አመት ቀደም ብላችሁ ተዘጋጁ። ያኔ ልጁ ስለራሱ ሚወስነውን ማን ያግዘዋል ሚለውም አብሮ ይመጣል። የእድሳት ደብዳቤ ሲመጣም "ምንም አልተቀየረም" ብላችሁ ባዶ አትመልሱት፣ የድሮውን ኮፒ አውጡ፣ ልጁ አድጓል፣ ከብዷል፣ ከእኩዮቹ ጋር ያለው ርቀትም ተቀይሯል፣ ያንን ጻፉ።

ወረቀቱን ሁሉ አንድ ፎልደር ውስጥ በቀን ቅደም ተከተል አድርጉት፣ በስልክም ፎቶ አንስታችሁ ሌላ ሰው ጋር አስቀምጡ፣ አባትየውም ይሁን አክስት የት እንዳለ ይወቁት። የደወላችሁለትን ሰው ስም፣ ቀኑንና የነገራችሁን ፎልደሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፉ። ኦሪጅናል ለማንም አትስጡ፣ ማየት ከፈለጉ ፊታችሁ ይዩት፣ እነሱ ጋር ሚቀረው ኮፒው ነው።